ስለ ስኑከር ጠየቅሁ፣ ስለ በሬ መለሱልኝ

የኢንተርኔት መድረኩ ላይ የውይይት ክሩን የከፈትኩት ቅዳሜ ማታ ነው። ዣኦ ሺንቶንግ በሜይ 2025 ማርክ ዊሊያምስን 18 ለ 12 አሸንፎ የመጀመሪያው እስያዊ የዓለም ስኑከር ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ፣ ስኑከር አይቶ የማያውቅ ወዳጄ ሁሉ ይሄ ልጅ ደሞ ከየት መጣ እያለ ይጠይቀኛል። እኔ መልሱ ያለው እሱ ጋ አይደለም ባይ ነኝ። መልሱ ያለው በአሥር ዓመት ከሁለት ቀን የሚበልጠው ዲንግ ጁንሁዪ ጋ ነው። ስለዚህ ስለ ዲንግ የመጀመሪያ ዓመታት ረዘም ያለ ነገር ለጠፍኩ። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ደጋግሜ አልጽፈውም።)

የጻፍኩት ባጭሩ ይሄን ነው። ዲንግ ኤፕሪል 1 ቀን 1987 ጂያንግሱ ውስጥ ዪሺንግ በምትባል ከተማ ተወለደ። ስኑከር የጀመረው ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ ነው። አባትየው የልጁን እጅ አይቶ ወሰነ። የቤተሰቡ ቤት ተሸጠ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ተጉዘው ጓንግዶንግ ውስጥ ዶንግጓን ገቡ፣ ልጁ እንዲሠለጥን። በ2002፣ በ15 ዓመቱ፣ የእስያ ሻምፒዮና፣ ከ21 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና፣ የቡሳኑ የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ፣ ሁሉም የሱ ሆኑ። በ16 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆኖ እንግሊዝ ሄደ። በ18 ዓመቱ ቤጂንግ ላይ ከጨዋታው ታላላቆች አንዱን፣ ስቴፈን ሄንድሪን ጣለ። በዚያው ዓመት ዮርክ ላይ ስቲቭ ዴቪስን ደገመ። በ19 ዓመቱ ቤልፋስት ላይ ሮኒ ኦሱሊቫንን ጨመረ። ከዚያ በጃንዋሪ 2007 ለንደን ዌምብሌይ ላይ፣ ማስተርስ በሚባለው ውድድር ፍጻሜ በኦሱሊቫን ሲሸነፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት አለቀሰ።

ክርክሬ ያቺ እንባ ላይ ነበር። የአንድ ሽንፈት እንባ አይደለችም አልኩ። ቤት ተሽጦለት ያደገ ልጅ እንባ ናት። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ጣልኩ፦ ልጁ ላይ ቤቱን ያስያዘ አባት ጀግና ነው ወይስ ቁማርተኛ?

1ኛው ምላሽ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መጣ። በጣም ጨዋ ሰው ነው። አመሰገነኝና፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ስኑከር ማለት ፑል አይደለም ወይ አለ። አይደለም ብዬ መለስኩለት። የስኑከር ጠረጴዛ 12 ጫማ በ6 ጫማ ነው፣ እኛ ሰፈር የምናውቀው የፑል ጠረጴዛ አጠገቡ ቢቆም ትሪ ነው የሚመስለው። 15 ቀይ ኳስ አለ፣ ስድስት ባለ ቀለም አለ። አንድ ቀይ አስገብተህ አንድ ባለ ቀለም ታስገባለህ፣ ባለ ቀለሟ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ እንዲህ እያልክ ትቀጥላለህ። ከእያንዳንዱ ቀይ በኋላ ጥቁሯን ብቻ ካስገባህ 120፣ መጨረሻ ላይ ስድስቱን በተራ ስታጸዳ 27፣ ድምሩ 147። ከዚያ በላይ በተለመደው መንገድ የለም። ሰውዬው በጣም አመሰገነና ጠረጴዛው ስንት ብር ያወጣል አለኝ። እንጃ አልኩት።

2ኛው ምላሽ እርማት ነበር፣ እንደ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ። በፖስቴ ውስጥ ዲንግን የደረጃ ነጥብ ያለው ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው እስያዊ ብዬው ነበር። ልክ አይደለም አለ። የታይላንዱ ጄምስ ዋታና በ1992 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ወስዷል። ዮርክ ላይ ያገኘውን የዩኬ ሻምፒዮንሺፕም በዕድሜ ትንሹ አሸናፊ ብዬ ነበር። እሱም ልክ አይደለም፣ ኦሱሊቫን በ1993 ሲያሸንፍ 17 ዓመቱ ነበር። ሰውዬው ልክ ነው። ሁለቱንም አረምኩ። ግን ያው እሱ ራሱ አንድ ነገር ሰጠኝ፦ ዩኬ ሻምፒዮንሺፕ ለሁሉም ፕሮፌሽናል የተከፈተው በ1984 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ 2005 ድረስ ከብሪታኒያና ከአየርላንድ ውጪ ያለ ሰው አልወሰደውም። ዲንግ ነው የመጀመሪያው። ፍጻሜው 10 ለ 6። ዴቪስ 48 ዓመቱ፣ ዲንግ 18። ዴቪስ ዋንጫውን ስድስት ጊዜ ወስዶታል፣ የመጨረሻውን የወሰደው ዲንግ በተወለደበት ዓመት ነው።

3ኛው ምላሽ ከዶሃ ነው። ያን ጊዜ ሆቴል ውስጥ ይሠራ እንደነበር ተረከ። በ2006 ዲሴምበር የእስያ ጨዋታዎች ሲካሄዱ ከተማው በእንግዳ ተጥለቅልቆ፣ እሱ ደግሞ የሌሊት ተረኛ። አንድ ማታ ሻይ ሊያደርስ ሲገባ ስድስት ሰባት ቻይናውያን አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠዋል፤ ማንም አይናገር፣ ማንም አይበላ። ሬሳ ያለበት ቤት መስሎት በእግሩ ጣት ነው የወጣው። በኋላ ሲጠይቅ ቢሊያርድ ነው አሉት። ዲንግ እዚያ በነጠላ፣ በጥንድና በቡድን ሦስት ወርቅ ወስዷል። መላሹ የዚያን ማታ የትኛውን ያዩ እንደነበር አያውቅም። ሻዩን ግን አንዳቸውም አልጠጡትም አለ። እኔ ይሄን ምላሽ ወድጄዋለሁ።

4ኛው ምላሽ የቤጂንጉን ፍጻሜ አንስቶ፣ በአንድ አረፍተ ነገር አልፈኸዋል ብሎ ወቀሰኝ። ወቀሳው ይገባኛል። ኤፕሪል 2005 ነው፣ ልጁ 18 ዓመት ከሞላው ገና ሁለት ቀኑ። ፕሮፌሽናል ቢሆንም ወደ ቻይና ኦፕን የገባው በአዘጋጆቹ ግብዣ ነው። ፒተር ኤብደንን አሸነፈ፣ ማርኮ ፉን አሸነፈ፣ በግማሽ ፍጻሜ ኬን ዶኸርቲን 6 ለ 0 አባረረ። ከሦስቱ ኤብደንና ዶኸርቲ የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ ናቸው። ፍጻሜ ላይ የጠበቀው ደግሞ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሄንድሪ። 9 ለ 5። መላሹ አጥብቆ የያዘው ግን ሌላ ነው፦ በግብዣ ስለገባ የደረጃ ነጥቡም የአሸናፊው ገንዘብም አልደረሰውም። ዋንጫውን ይዞ ወጣ፣ ኪሱ ባዶ። መላሹ ይሄን ሲጽፍ በጣም ተናዷል፣ የራሱ ደመወዝ የቀረበት ነው የሚመስለው።

5ኛው ምላሽ ላይ ነገር መረር አለ። በፖስቴ ውስጥ ያን ፍጻሜ ቻይና ውስጥ 110 ሚሊዮን ሰው አየው ተብሎ ተዘግቧል ብዬ ነበር። ሰውዬው ሳቀብኝ። ቻይና ላይ ሲሆን ሁሉ ነገር በሚሊዮን ነው፣ ማን ቆጠረው፣ አንተ ቆጠርክ ወይ አለ። ደሞ ሰላም ሳይል ነው የገባው። 6ኛው ምላሽ ስለኔ ተከራከረ፦ ቁጥሩ ግምት እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ ግማሹም ቢሆን ከብሪታኒያ ሕዝብ ጋር የሚወዳደር ነው፣ ዋናው ነገር ከዚያ ቀን በኋላ ቻይና ውስጥ ልጅን ስኑከር ማስተማር የሥራ ምርጫ ሆኖ መቆጠሩ ነው አለ። 5ኛው መላሽ ተመልሶ አልመጣም። እኔ ቁጥሩን አልሰረዝኩም፣ ከጎኑ ግን ግምት የሚል ቃል ጨመርኩ።

7ኛው ምላሽ ሲመጣ ክሩ ሌላ ክር ሆነ።

መላሹ ከጅዳ ነው የጻፈው። ስኑከር አይቶ አያውቅም። ክሩን የከፈተው ቤት ተሸጠ የሚለውን አይቶ ነው። አባቱ እሱን ወደ ሳዑዲ ለመላክ ሁለት በሬ ሸጡ። ጥማድ ማለት ምን እንደሆነ ለከተማ ልጅ ልግለጽ ብሎ ገለጸ፦ አንዱ በሬ ቢቀር ከጎረቤት ጋር ታቀናጃለህ፣ ሁለቱም ካለቁ ግን መሬትህ እያየህ ለሰው እኩል ነው የሚታረሰው። የበሬዎቹን ስም ጻፈ። አንዱ ቦራ ነው፣ አንዱ ዳለቻ። የሸጧቸው ቀን ገበያው እስኪበተን ተቀምጠው፣ አባቱ ገመዱን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እንግዲህ እሱ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በደወለ ቁጥር የሚያየው ያን ገመድ ነው። አንድ ወር ገንዘብ ሳይልክ ከቀረ ስልክ ማንሳት ይፈራል። አባቱ አንድም ቀን ስለ በሬዎቹ አንስተውበት አያውቁም። የባሰውም እሱ ነው አለ። ስለዚያ ቻይናዊ ልጅ እንባ የጻፍከው እውነት ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ ብሎ ጨረሰ።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ሰው ዝም አለ። ምን ይባላል?

8ኛው ምላሽ ዝምታውን ሰበረው፣ ያውም በመዶሻ። ሴት ናት፣ የምትጽፈው ከለንደን ነው። እንባችሁን ጥረጉ ብላ ጀመረች። የዲንግን አባት የምናውቃቸው ዲንግ ስላሸነፈ ነው አለች። ዲንግን አይተው ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ያስወጡ አባቶች ስንት ናቸው? ልጆቹስ የት ገቡ? ከዚያ 2023ን አመጣች። በዚያ ዓመት አሥር ቻይናውያን ፕሮፌሽናሎች ከጨዋታ ማጭበርበርና ከውርርድ ጋር በተያያዘ ተቀጥተዋል። ሁለቱ ዕድሜ ልክ ታገዱ፦ ሊያንግ ዌንቦና ሊ ሃንግ። ያን ቢንግታዎ፣ በ2021 ማስተርስን በ20 ዓመቱ የወሰደው ልጅ፣ አምስት ዓመት። ዣኦ ራሱ 20 ወር። አብዛኞቹ በልጅነታቸው እንግሊዝ የተጣሉ፣ ቋንቋ የማያውቁ፣ ከጠረጴዛ ውጪ ምንም የማያውቁ ናቸው፣ ከነሱ በዕድሜ ታላቅ የሆነ ሰው ሲያዝዛቸው እምቢ ማለት የማይችሉ። ቁማርተኛ አባት ቁማርተኛ ልጅ ያሳድጋል ብላ ዘጋችው።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ክሩን አነደደችው። 9ኛው መላሽ በትልቁ ተቆጣ፦ ዲንግ በዚያ ጉዳይ ስሙ የለበትም፣ ለምን ታነካኪዋለሽ? እሷ ቀዝቀዝ ብላ አነካካሁ አላልኩም አለች፤ ግን ሊያንግ ዌንቦ በዶሃ የዲንግ የቡድን ወርቅ ጓደኛ እንደነበር አስታወሰችው። አንድ ትውልድ ናቸው፣ አንዱ እዚህ ደረሰ፣ አንዱ እዚያ። ይሄ እኔንም አስደነገጠኝ። 3ኛው መላሽ ያያቸው ሰዎች ያን ማታ ያዩት የቡድኑን ጨዋታ ከሆነ፣ ሁለቱም እስክሪኑ ላይ ነበሩ ማለት ነው። 9ኛው ግን አልበረደም። ስለ አባት እንዲህ አይባልም አለ፣ በተለይ 7ኛው መላሽ ፊት። እዚህ ጋ ገብቼ ሁለታችሁም ቀስ በሉ አልኩ። እውነቱን ለመናገር የሷ ክርክር ከኔ ፖስት ይሻላል። አነጋገሯ ነው እንጂ።

ከ10 እስከ 14 ያሉት ምላሾች ከመንገድ ወጥተው ገደል ገቡ። የፒያሳ ልጅ የሚል ስም የያዘ አንድ ሰውዬ በድሮ ጊዜ ፑል ቤት የተገኘ ተማሪ ምን እንደሚደርስበት ተረከ፦ በኋላ በር ሩጫ፣ ደብተር በሸሚዝ ውስጥ፣ ማታ ደግሞ የአባት ቀበቶ። የኛ አባቶች ቤት መሸጥ ቀርቶ ፑል ቤቱን ሊያሸጡት ነበር የሚፈልጉት አለ። ሌላው ከረንቡላ ከሁሉም ይከብዳል ብሎ ሙግት ጀመረ፣ ጉድጓድ የሌለው ጠረጴዛ ላይ በግድግዳ እያስመታህ ስትጫወት ነው ጭንቅላት የሚታየው አለ። አንዱ ደግሞ ከረንቡላ የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብሎ ሰደበው። ሦስት ምላሽ ሙሉ ስለ ከረንቡላ። 1ኛው መላሽ መሀል ላይ ብቅ ብሎ፣ የስኑከር ጠረጴዛ ዋጋ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

15ኛው ምላሽ ወደ ነገሩ መለሰን፣ ያውም በቀጥታ ወደኔ። ይሄ ሰው ጨዋታውን የሚያውቅ ነው። እስቲ ዌምብሌይን ቀን በቀን እንየው አለ። ጃንዋሪ 14 ቀን 2007፣ እሑድ። ዲንግ ከአንቶኒ ሃሚልተን ጋር ሲጫወት በአንድ ተራ 147 አስገባ። በማስተርስ ከ1984 ወዲህ ያ ነጥብ ታይቶ አያውቅም። 19 ዓመቱ ነው፣ ያውም በቴሌቪዥን። እንግዲህ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ የቤት ዕዳ የተጫነው ልጅ 36 ኳስ በተርታ ይከታል ወይ? ከዚያ ጃንዋሪ 21፣ በሳምንቱ እሑድ፣ ፍጻሜው። ከሱ ፊት ኦሱሊቫን፣ በራሱ አገር፣ በራሱ ሰው ፊት። ከተመልካቹ መሀል ልጁ ላይ የሚጮሁ ነበሩ። ኦሱሊቫን በዚያ ቀን የሚቆም አልነበረም። 9 ለ 3 ሲሆን ዲንግ ሄዶ እጁን ዘረጋ፣ ጨዋታው ያለቀ መስሎት። አላለቀም፣ አሸናፊ የሚሆነው 10 የደረሰ ነው። ኦሱሊቫን አንገቱን አቅፎ፣ ጆሮው ላይ እያወራ፣ ይዞት ወደ ውስጥ ገባ። ከእረፍት ተመልሰው አንድ ፍሬም (ውጤቱ የሚቆጠርበት አንድ ዙር ጨዋታ) ተጫወቱ፣ 10 ለ 3 አለቀ። ልጁ ዓይኑ ቀልቷል። መላሹ የሚለው ይሄ ነው፦ ይሄ የቤት ጉዳይ አይደለም። አንድ የ19 ዓመት ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ሲጮሁበት ነው። አንተ ከሩቅ ሆነህ ልቦለድ ጻፍክ።

ልቦለድ የምትለዋ ቃል ወጋችኝ። ግን የቀኖቹን ነገር ተቀብያለሁ። እሑድ 147፣ እሑድ እንባ። ይሄን አስቤው አላውቅም ነበር። መልስ ስጽፍለት አንድ ነገር ብቻ ነው የተከራከርኩት፦ ውጤቱ 9 ለ 3 ላይ መሆኑን እንኳ እስኪረሳ ድረስ የሚያደርስ ነገር ጩኸት ብቻ ነው ወይ አልኩ። ፍሬም መቁጠር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። እሱ ደግሞ፣ ድካም የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ ብሎ መለሰ። እዚያ ላይ ተውነው።

16ኛው ምላሽ ከሼፊልድ ነው፣ አውቶቡስ ነጂ ነው። ክሩሲብል ትያትር በር ላይ በቀን ስንቴ እንደሚያልፍ ነገረን። የዓለም ሻምፒዮና የሚደረግበት ያ አዳራሽ 1,000 ሰው እንኳ አይዝም። ከውጪ ስታየው ምንም አይመስልም፣ የኛ ቀበሌ አዳራሽ ይሻለዋል አለ (ይሄን 2ኛው መላሽ ሊያርመው ሞክሮ ነበር)። ዲንግ ኑሮውን እዚያው ሼፊልድ አድርጎ፣ ከኋላው የመጡት የቻይና ወጣቶችም ከተማዋን ሰፈራቸው አድርገዋታል። አልፎ አልፎ ረጅም ቀጭን ሣጥን ያንጠለጠለ ልጅ አውቶቡሱ ውስጥ ይሳፈራል። ሣጥኑን እንደ ሕፃን እግሩ መሀል ያቆመዋል፣ ሌላ ወንበር ባዶ ቢሆንም አያስቀምጠውም። ነጂው መጀመሪያ ላይ የሙዚቃ ዕቃ ይመስለው ነበር።

17ኛው ምላሽ አጭር ነው፦ ዲንግ በዚያው 2007 ኤፕሪል ክሩሲብል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ ዕጣው ማን ላይ እንደጣለው ታውቃላችሁ ወይ? ኦሱሊቫን ላይ። በመጀመሪያው ዙር 10 ለ 2 ተሸነፈ። ከቤልፋስቱ የኦገስት 2006 ድል በኋላ ሌላ የደረጃ ዋንጫ እስኪያነሳ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ፣ እስከ ዲሴምበር 2009፣ ዩኬ ሻምፒዮንሺፕ ላይ ጆን ሂጊንስን 10 ለ 8 እስኪያሸንፍ። ያን ያህል ጊዜ የሚቆይ ድካም አላውቅም ብሎ 15ኛውን ነካ አደረገው። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

8ኛዋ መላሽ በማግስቱ ተመልሳ 7ኛውን ይቅርታ ጠየቀች። ስለ አባቶች የጻፈችውን አላነሳችም፣ አነጋገሯን ነው ያነሳችው። የሷም እናት የወርቅ ሐብላቸውን ሸጠው እንደላኳት ያን ጊዜ ነው የነገረችን። ሐብሉን አልተካሁም፣ እናቴ አሁን በሕይወት የለችም አለች። ሌላ አልጨመረችም። 9ኛው መላሽ እግዜር ያጽናሽ እህቴ ብሎ ጻፈላት።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ክሩ የሞተ መስሎኝ ሳለ፣ 7ኛው መላሽ ከጅዳ ተመለሰ። በ21ኛው ምላሽ። እዚህ የተባለውን ሁሉ አንብቦ አባቱ ጋ ደውሎ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ያላነሳውን ነገር አነሳ፣ አባባ ስለ በሬዎቹ ልጠይቅህ ብሎ። አባቱ ትንሽ ዝም አሉና የትኞቹን አሉት። ቦራና ዳለቻን አላቸው። አባቱ ሳቁ። ዳለቻ ያን ጊዜ እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ አንተ ብትሄድም ባትሄድም ለበዓል ቅርጫ ይገባ ነበር አሉት። ላንተ የተሸጠው ቦራ ብቻ ነው። ገመዱስ ቢላቸው፣ የምን ገመድ አሉ።

መላሹ ከዚህ ሌላ የጻፈው የለም። ስሙ ሥር ግን መስመር ላይ መሆኑን የምታሳየው አረንጓዴ ነጥብ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አልጠፋችም። 1ኛው መላሽ ከሥሩ ገብቶ ለአባትዬው ጤና ተመኘ። ቀጥሎም ሳሎኑን በእርምጃ ለክቶ እንደነበረ፣ ጠረጴዛው ቢገባም ዱላውን ወደ ኋላ መሳቢያ ቦታ እንደማይተርፍ ነገረን።